ባለቱታዋ በመጽሐፍና በቴሌቪዥን

ሰዎች «መጽሐፉ ይሻላል ወይስ ፊልሙ?» እያሉ ሲከራከሩ አጠገባቸው ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ባለቤቴ ይህን ስለሚያውቅ፣ እንግዳ በተሰበሰበበት ወሬው ወደዚያ ሲያዘነብል በጠረጴዛው ሥር እግሬን ይረግጠኛል። ምንም አይጠቅመውም። እኔ በዚህ ጉዳይ ገና በስምንት ዓመቴ፣ ዘጠኝ በሽተኛ በተኛበት ክፍል ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑን በጀርባዬ ከልዬ የተከራከርኩ ሰው ነኝ። ያሸነፍኩም መስሎኝ ነበር።

መጽሐፉ በሥዕል የሚተረክ የባለቱታዋ ታሪክ ነው። ባለቱታዋ የምትበር ልጅ ናት። እንደ ሌሎቹ በራሪ ጀግኖች ካባ የላትም፤ ጭምብልም አታደርግም። የምትለብሰው ከአንገቱ እስከ እግሩ ቀለም የተረጨበት የትልቅ ሰው የሥራ ቱታ ነው፤ እጅጌውን ሦስት ጊዜ፣ እግሩን አራት ጊዜ ጠቅልላዋለች። ሕንፃ ሲዘም በትከሻዋ ደግፋ ታቃናለች። ከድልድይ ላይ የተንጠለጠለ አውቶቡስ በአንድ እጇ ትይዛለች። ንግግሩ የተጻፈው ቤታችን ውስጥ ማንም በማያውቀው የውጭ ቋንቋ ስለነበር እኔ የማነበው ሥዕሉን ብቻ ነው። ሥዕሉን ግን እንደ እኔ ያነበበው ሰው የለም፤ በዚህ ዛሬም አልደራደርም።

የገዛልኝ አባቴ ነው። አባቴ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ያውም የረጃጅም ሕንፃዎችን የውጭ ግድግዳ፣ መወጣጫ ላይ ቆሞ የሚቀባ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ያገኘውን፣ ልባሱ የተገነጠለና ቅጠሎቹ የተነጣጠሉ መጽሐፍ በላስቲክ ከረጢት ይዞ ገባ። አንዲት ገጽ ብቻ መዝዞ አሳየኝ። ቱታ የለበሰ ሰውዬ የቀለም ባልዲውን አጠገቡ አንጠልጥሎ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ይቀባል። «እዪልኝ እስቲ አለቃዬ፣ ሳላውቅ እኔኑ ሥለውኛል» አለና ሳቀ። አለቃዬ የሚለኝ ቤቱን በትእዛዝ ስለማምሰው ነው። የቀረውን ለማየት ስጣደፍ ከረጢቱን ለእናቴ አቀበላት፤ ተጠርዞ ሲያልቅ ታዪዋለሽ፣ እስከዚያ እጅሽን ሰብስቢ አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት አባቴ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ።

ለእኔ የተነገረኝ ወድቆ ወገቡን አሞታል ተብሎ ነው። እኔ በየቀኑ እወድቅ ስለነበር ነገሩ ብዙም አላስጨነቀኝም። ጉልበቴ ሲላጥ አባቴ እፍ ይልልኛል፣ ይድናል። የእሱን ወገብ እፍ የሚልለት ሰው ያለው ሆስፒታል ውስጥ ስለሆነ እዚያ ተኝቷል ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጠራዥ ነበረች። የታተመውን ቅጠል ታጥፋለች፣ በተራ ትደረድራለች፣ ትሰፋለች፣ ጀርባውን በኮላ ትይዛለች፣ ጠርዙን በመቁረጫ ታስተካክላለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ አንዲት ገጽ ከቦታዋ አዛብታ አታውቅም። ይህን እሷ አትናገረውም፤ የሚምሉላት ባልደረቦቿ ናቸው። ሱቅ ገብታ ደብተር ስትገዛልኝ እንኳ ቅጠሎቹን በአውራ ጣቷ ፍርር አድርጋ ታዳምጣቸዋለች፤ ካልጣማት «የጥድፊያ ሥራ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያያት ፊቱ ይጠቁር ነበር።

አባቴ ከተኛ አንድ ወር ካለፈ በኋላ መጽሐፌን ይዛልኝ መጣች። ጠንካራ ልባስ፣ ሰማያዊ ጨርቅ፣ በነጭ ክር የተሰፋ። «በይ አንብቢ» አለችና ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች።

እንዴት ያለ መጽሐፍ መሰላችሁ! ሲጀምር ባለቱታዋ ብቻዋን ከከተማው በላይ ቆማለች፤ ከእሷ ከፍ ያለ ነገር የለም። ከእግሯ ሥር በትልልቅ ፊደል አንድ ቃል ተጽፏል፤ ስሟ መሆን አለበት አልኩ። ከዚያ ገጽ በተገለጠ ቁጥር የፈረሰው ሁሉ ይነሳል። የተሰበረው ድልድይ ይገጠማል። የሰጠመች መርከብ ብቅ ትላለች። የሚነደው ቤት እሳቱ ይጠፋና መስኮቱ ላይ ድመት ቁጭ ብላ ትታያለች። ክፉው ሰውዬ በሰንሰለት ታስሮ ይጀምርና ሰንሰለቱ ይፈታለታል፤ ኋላማ ሙሉ ልብስ ለብሶ ሻይ ሲጠጣ እናገኘዋለን። ይቅር ብላዋለች ማለት ነው። እንዲህ ያለች ጀግና ከየት ትገኛለች?

አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። ባለቱታዋ እየደከመች ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ባቡር ታነሳለች፣ ቀጥሎ መኪና፣ ቀጥሎ አንድ በርሜል ለማንሳት ታምጣለች። ወደ መጨረሻው አካባቢ ከጣሪያ ላይ ለመብረር ስትሞክር የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ትጠለፋለች። ለምን? ሦስት ቀን አሰብኩበት። መልሱ ያለው የመጨረሻዎቹ አምስት ገጾች ላይ ነበር።

በአንደኛው ቱታውን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማ ታለቅሳለች። በሁለተኛው ቱታው እሷ ላይ የለም፤ አባቷ ለብሶት መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ እሷ አጠገቡ ተንበርክካለች። በሦስተኛው አባትየው አየር ላይ ነው! እጁን ዘርግቶ፣ ባልዲው አብሮት እየተንሳፈፈ፣ ፎቆቹን አንድ በአንድ ያልፋል። በአራተኛው ጫፍ ላይ ደርሶ እያፏጨ ይቀባል። በአምስተኛው ጠዋት ነው፤ ልጅቱ የአባቷን የምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ትመጣለች፣ እሱ ከላይ ሆኖ እጁን ያውለበልብላታል። ወዲያው በራልኝ። ኃይሏን ጥቂት በጥቂት ስታጠራቅም ቆይታ ለአባቷ ሰጠችው። ቱታውን ስታለብሰው ብድግ ብሎ በረረ። ከደስታዬ ብዛት አልጋ ላይ ስዘል አንዱን ርብራብ ሰበርኩት።

ቴሌቪዥኑ ባለቱታዋን ሊያሳይ መሆኑ የተነገረው ልክ በዚያው ሰሞን ነው። ሁልጊዜ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ክፍል፣ ያውም በእኛው ቋንቋ! ቴሌቪዥን ያላት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እትዬ እላታለሁ፤ እናቴ ሥራ ስትውል የምትጠብቀኝም እሷ ነበረች። ዓርብ አመሻሽ ላይ ከመስፊያዋ ሥር ቁጭ ብዬ ቁልፍ በመልክ በመልኩ ስለይ ማስታወቂያው መጣ።

ገና ሲጀምር ደሜ ፈላ። ቱታው የለም! የሚያብረቀርቅ፣ ጥብቅ ያለ ነገር አልብሰዋታል፤ ለምልክት እንኳ አንዲት የቀለም ጠብታ የለበትም። ጸጉሯ እንደ ሙሽራ ተሠርቷል። አጠገቧ የሚያወራ ውሻ አለ። መጽሐፉ ውስጥ ውሻ የሚባል ነገር የለም፤ ያለችው ድመት ናት፣ እሷም አፏን ዘግታ ነው የምትቀመጠው። አባትየውን ደግሞ ነጭ ካፖርት የለበሰ ተመራማሪ አድርገውታል። ቀለም ቀቢ ምን አደረጋቸው? እትዬ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ቴሌቪዥን ውስጥ ድሃ ቢገባ ያባርሩታል አለችኝ። ያኔ ነጭ ካፖርቱ ከመስኮት ወጣና ፎቆቹን አንድ በአንድ እያለፈ ወደ ታች ወረደ። ልጅቱ ጮኸች፤ ማስታወቂያው አለቀ።

«ወደ ላይ እኮ ነው!» አልኩ። «እትዬ፣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው!»

እትዬ አፏን ከመክፈቷ እናቴ ከሥራ ገባች። ሁለቱ ተያዩ። ጓሮ ሄጄ ልብስ እንዳስገባ ተላክሁ፤ እኔ ግን ከበሩ ኋላ አላለፍኩም። እናቴ አልፈርምም ብሏል ስትል ሰማሁ። ሐኪሙ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ሰኞ ጠዋት የመጨረሻውን በሽተኛ ቀዶ ይሄዳል፤ አባቴ ወረቀቱ ላይ ካልፈረመ ወገቡን አይነካውም። እትዬ ካልፈረመ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀች። እናቴ እንደተኛ ይቀራል አለች። ከፈረመስ? እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የመለሰችውን አልሰማሁትም፤ የመስፊያው ድምፅ ግን ቀጥ አለ።

ያን ያልሰማሁትን ዛሬ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ፣ አባቴ ከሰመመን ላይነሳ ይችላል፣ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ብሏት ነበር። አባቴ ከሁለቱ መተኛቱን መርጧል። ካደግሁ በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቀው «ተኝቼም ቢሆን አንቺን አያለሁ ብዬ ነዋ» አለኝ። ያኔ ግን ለእኔ የገባኝ ሌላ ነው። ፊርማው ማለት ቱታው ነው፤ ከፈረመ ይነሳል፣ ካልፈረመ ይቀራል። እሑድ እሑድ ስንጠይቀው እንዳየሁት ደግሞ ከአልጋው ትይዩ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ነገ በአሥር ሰዓት ያን የተገለበጠ ታሪክ ያያል፤ አባትየው ወርዶ እንደሚቀር ያምናል፤ ከዚያ በኋላ ብትለምኑት አይፈርምም። መጽሐፉን ይዤ መቅደም ነበረብኝ።

ቅዳሜ እናቴ ሥራ ነበረች፤ ከሥራ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው የምትሄደው። የእትዬ ቤት ልብስ በሚለኩ ሴቶች ተሞልቷል። እንዲህ ያለ ቀን ከየት ይገኛል? ወደ ቤት ሮጥኩ፣ መጽሐፉን አነሳሁ፣ ከዚያም ከእናቴ አልጋ ሥር ካለው ሻንጣ የአባቴን ቱታ አወጣሁ። ታጥቦ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ግን በመቀስ ተቆርጧል። እናቴ ለእኔ ልታሳጥረው ነው ብዬ ተደሰትኩ። የቆረጡት የድንገተኛ ክፍል ሰዎች መሆናቸውን፣ ሰውነቱን ሳያንቀሳቅሱ ሊያወልቁለት እንደሆነ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሦስት ፌርማታ መንገድ ነው፤ በሩጫ ጨረስኩት። ቱታውን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ፣ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ዘወር እያሉ መንገድ ሲለቁልኝ የበረርኩ ያህል ነው የተሰማኝ። የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ልጅ ያለ ወላጅ አይገባም አለ። ወደኋላ አልኩና ፔርሙስና ትራስ ተሸክማ የምትገባ አንዲት ሴትዮ ቀሚስ ጫፍ ያዝኩ። ጥበቃው ያንቺ ናት ወይ ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ላቤን፣ የተቀዳደደውን ቱታ፣ የተፈታውን የጫማዬን ማሰሪያ። «የኔ ናት፣ ምን ይደረጋል» አለች።

ክፍሉ ስደርስ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። አሥር ሰዓት አልፎ ነበር! ነጭ ካፖርቱ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ከውሻው ጋር ያወራል፤ አሁን ነው የሚወድቀው። ከአባቴ ጎን ጡረታ የወጡ መምህር ተኝተዋል፤ ከማዶ እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ በገመድ የተንጠለጠለ የከባድ መኪና ሹፌር አለ። ማንንም ሰላም ሳልል ወንበር ጎተትኩ፣ ወጣሁበት፣ ቴሌቪዥኑን በጀርባዬ ከልዬ ቆምኩ።

«አትመልከቱ!» አልኩ። «ገልብጠውታል!»

ሹፌሩ ልጅት አጥር ሆንሽብን ብሎ አጉረመረመ። አባቴ ከትራሱ ላይ ራሱን ማንሳት ስለማይችል ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ አዞረ። «አለቃዬ? ማን አመጣሽ?» አለ። ራሴ ነኝ አልኩና ቱታው እንደሌለ፣ ውሻው ውሸት እንደሆነ፣ ቀለም ቀቢውን ካፖርት እንዳለበሱት በአንድ ትንፋሽ ዘረዘርኩ። ሹፌሩ ውሻው ምን አደረገሽ፣ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው አለ። ከሹፌሩ ጋር ትንሽ ተጨቃጨቅን። ነርሷ ድምፃችንን ሰምታ ገባች፤ ከወንበሩ አወረደችኝ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅም ቀነሰችው፤ ሥዕሉ ግን መሄዱን ቀጠለ።

ቱታውን ከአንገቴ ላይ ፈትቼ ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋሁለት። ነርሷ ይሄ ቆሻሻ ከየት መጣ ብላ ልታነሳው ስትል አባቴ እጁን አሳረፈበት። «ተይው ሲስተር» አላት። የተቆረጠውን ቦታ በጣቱ ተከትሎት ወረደ።

መጽሐፉን ደረቱ ላይ ከፈትኩለት። ባቡሩን፣ ድልድዩን፣ ይቅርታ የተደረገለትን ክፉ ሰውዬ እየገለጥኩ ተረኩለት። ልጅቱ ለምን እንደምትደክም ነገርኩት። የመጨረሻዎቹ አምስት ገጾች ላይ ስደርስ እያንዳንዱን ሥዕል በጣቴ ነካሁለት። እዚህ ጋ ቱታውን ሰጠችው፣ እዚህ ጋ ተነሳ፣ እዚህ ጋ እያፏጨ ነው። ከኋላዬ ሹፌሩ «እእ» አለ። ነጭ ካፖርቱ ያለ ድምፅ ወድቋል ማለት ነው። አባቴ ወደ ቴሌቪዥኑ አየ፤ ከዚያ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ፤ እየበረረ የሚወጣውን ቀለም ቀቢ ብዙ ጊዜ አየው።

መምህሩ እስቲ ልየው ብለው መጽሐፉን ተቀበሉን። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቋንቋውን ያውቁት ነበርና የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ። ከባለቱታዋ እግር ሥር ያለው ትልቅ ቃል ስሟ ሳይሆን «ተፈጸመ» ማለት መሆኑን ነገሩን። ጥቂት ገለጥ ገለጥ አደረጉና ከት ብለው ሳቁ። «ይሄ እኮ ከጭራው ነው የተጠረዘው። ጠራዡ ጠጥቶ ነበር እንዴ?»

«የጠረዘችው እናቴ ናት!» አልኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። አንዲት ገጽ አዛብታ እንደማታውቅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሆኑን፣ ባለሱቁ እንኳ እንደሚፈራት ነገርኳቸው። ከፈለጉ ማተሚያ ቤቱን ይጠይቁ አልኩ። መምህሩ ደንግጠው መነጽራቸውን አወለቁ። አባቴ መጽሐፉን መልሰው እንዲሰጡት እጁን ዘረጋ።

አውራ ጣቱን በግርጌው ጠርዝ ላይ አስኬደ። ጥራቱን እያየ ነው የመሰለኝ። አሁን ምን ይፈልግ እንደነበር አውቃለሁ። የገጽ ቁጥር ያለበት ግርጌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመቁረጫ ተላጭቷል። ስፌቱም መገለጥ በነበረበት ጎን ላይ ነው፤ ቅጠሎቹ አንድም ሳይዛነፍ ፊታቸውን አዙረው ስልሳ አራት ገጽ ሙሉ ወደኋላ ይሄዳሉ። በስህተት አንድ ገጽ ይገለበጣል፤ ምናልባት ሁለት። ስልሳ አራት በስህተት አይገለበጥም።

«ቁጥር የለውም» አለ አባቴ።

ቁጥር ምን ያደርጋል አልኩት። ዓይኑ በእንባ ሞላ። ቴሌቪዥኑ ነው ያበሳጨው ብዬ ሹፌሩን በክፉ ዓይን አየሁት።

እናቴ የደረሰችው ያኔ ነው። ከሥራ ነው የመጣችው፤ ጣቶቿ ላይ ኮላ ደርቋል። እኔን ስታይ ጆሮዬን ልትይዝ እጇን አነሳች፤ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ቱታውን አየች፣ በአባቴ እጅ መጽሐፉን አየች። እጇ እዚያው ቀረ።

«ገጹ ተገልብጦብሻል» አላት አባቴ።

«አልተገለበጠም» አለች።

«መምህሩ እኮ አነበቡት።»

«ያንብቡት። የጠረዝኩት እኔ ነኝ። አልተገለበጠም።»

በሥራ ጉዳይ ሊጣሉ ነው ብዬ ፈራሁ። እናቴ ስትናደድ ድምፅዋ ይወፍራል፤ አሁን ግን ቀጥኗል። አባቴ ኮላ የደረቀባቸውን ጣቶቿን አየ። ከዚያ ዓይኑን ወደ መምህሩ መለሰና እስክሪብቶ ይኖርዎታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

ነርሷ ወረቀቱን ለማምጣት በሩጫ ወጣች። ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። በጀርባው የተኛ ሰው ወረቀት ወደ ላይ ይዞ ሲጽፍ እስክሪብቶ ቀለም አይሰጥም። አንዴ ሞከረ፣ እምቢ አለ፤ ሁለቴ ሞከረ፣ እምቢ አለ። እናቴና ነርሷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው በጎኑ አዞሩት፤ ሹፌሩ ከተንጠለጠለበት ሆኖ ቀስ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ እያለ መኪና እንደሚያስገባ ሰው ይመራቸዋል። እኔ መጽሐፉን ከወረቀቱ ሥር አድርጌ ያዝኩለት። አባቴ ፈረመ። እኔ አጨበጨብኩ፣ ሹፌሩም አጨበጨበ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ብሞት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ነበር፤ እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ ያዞረችው ለዚያ ነው። እኔ ገጹ ተገልብጦብሻል ስለተባለች አፍራ መስሎኝ አዘንኩላት።

ኋላ ሁለቱንም ጠይቄያቸዋለሁ። እናቴ ለልጄ ብዬ ነው የሠራሁት አለች። አባቷ የወደቀባትን ልጅ ሦስተኛው ገጽ ላይ አባት ሲወድቅ እንዴት ላሳያት? ገጹን ቀድጄ ላወጣው ፈልጌ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ፤ ከመጽሐፍ ላይ ቅጠል ቀድጄ አላውቅም አለችኝ። ትንሽ ቆየችና አንቺ ስትተኚ እኔም አነበው ነበር ብላ ጨመረች። አባቴ ደግሞ ያስፈረመው የሚበረው ሰውዬ እንዳልሆነ ነገረኝ። «እናትሽን አውቃታለሁ» አለ። «አንድ ቅጠል ቢዛባ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ያን ሁሉ ገልብጣ፣ መምህር ፊት ቆማ አልተገለበጠም ካለች፣ እኔ ማን ነኝና ተኝቼ እቀራለሁ?»

ሰኞ ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጀ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመች ነው የዋለችው። እኔ ትምህርት ቤት ሆኜ አባቴ ዛሬ ሊበር ነው እያልኩ ለክፍሉ ሁሉ አወራሁ። ከሰመመኑ ነቃ። አልበረረም፤ ስምንት ሳምንት ሌላ አልጋ ላይ ቆየ፤ ከዚያ በአልጋ ተሸክመው ቤት አመጡልን። መወጣጫ ላይ ዳግመኛ አልወጣም።

ቅዳሜዎቹ ግን! ቴሌቪዥኑ ወደኋላ እየሄደ መሆኑን አንዴ ስላወቅሁ የሚቀጥለውን ሁሉ ቀድሜ እናገር ነበር። ሻይ የሚጠጣው ሰውዬ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ድልድዩ ይሰበራል፤ ልጅቱ ትጠነክራለች። የሰፈሩ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል፤ ከእኔ ፈቃድ ውጭ የሚያደርግ ያ ውሻ ብቻ ነው። ለመጨረሻው ክፍል እትዬ ቴሌቪዥኗን አቅፋ እኛ ቤት አመጣችው፤ አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀመጠ፤ ልጆቹ ወለሉ ላይ ተጠቀጠቁ። ባለቱታዋ ድል አደረገችና ከከተማው በላይ ብቻዋን ቆመች። ልጆቹ ጮኹ፣ ጨፈሩ፣ ወንበር ገለበጡ፣ ወጥተው ሄዱ። እናቴ ከአልጋው ኋላ ሆና ብርድ ልብስ ታጥፋለች።

«አለቀ ማለት ነው?» አለኝ አባቴ።

«አላለቀም» አልኩት። «ገና አሁን ነው የሚጀምረው።»

ትራሱን ወደ ጎን ገፋ። እግሮቹን አንድ በአንድ በእጁ እያነሳ ወለሉ ላይ አሳረፋቸው። ቤት ከመጣ ጀምሮ ቆሞ አያውቅም።

«እንግዲያውስ አንሺኝ» አለኝ።

ሁለት እጁን ሰጠኝ። እናቴ ከኋላው በብብቱ ሥር ገብታ እንደደገፈችው የሰማሁት አድጌ ነው፤ ያኔ የታየኝ እጁና ፊቱ ብቻ ነው። ፊቱ ከፊቴ ትይዩ ተነስቶ ከእኔ በላይ ከፍ እያለ ሄደ። እግሬን ወለሉ ላይ ተከልኩና ባለኝ ኃይል ሁሉ ጎተትኩት። ከባድ ነበር።